የእኛ ወፍ ፈረንሳይ ሄዳ ወራሪ ተባለች

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ማክሰኞ ማታ ላከችልኝ። ነጭ ወፍ፣ ራሷና አንገቷ ጥቁርና መላጣ፣ መንቆሯ እንደ ማጭድ የታጠፈ። እዚያ አገር ይህችን ወፍ መንግሥት በጥይት እያስገደላት እንደሆነ ነገረችኝ። ወራሪ ናት ተብላ። እኔ ደግሞ ገና ሳያት ነው ያወቅኳት። ኮምቦልቻ ልጅ ሆነን ቦርከና ዳር ስንራገጥ፣ መንቆሯን ጭቃው ውስጥ እየወጋች የምትውለዋ ናት።

ስሟን ፈለግኩ። አይቢስ ትባላለች፤ ቅዱስ አይቢስ። የሳይንስ ስሟ ጫፍ ላይ ኤቲዮፒከስ የሚል ቃል አለ። እሱን ሳይ ደሜ ፈላ። መብራት ጠፍቷል፣ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ እንቅልፍ የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው የማይጽፈው የለም። በእኛ ስም የተጠራች ወፍ በሰው አገር ባሕር ዳርቻ ጎጆ ሠርታ ብትፈለፍል ምን አጠፋች ብዬ ኢንተርኔት ላይ የምንጨዋወትበት መድረክ ላይ ለጠፍኩ። ስልኬ ውስጥ ያገኘሁትን የወፍ ፎቶም አያያዝኩበት። ያ ፎቶ በኋላ ጉድ አፈላብኝ።

ጠዋት ስነሳ 14 መልስ ነበር። በሳምንቱ 61 ደረሰ። ሁሉም ስለ ወፍ አልነበረም።

1ኛው መልስ ሰላምታ ብቻ ነው። ሰላምታው ግን የወሎ ሰላምታ ነው። ቤተሰቡን፣ ሰፈሩን፣ ዝናቡን ሳይቀር ጠይቆ፣ አብሽር ብሎኝ፣ ስለ ወፏ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

2ኛው ሁለት መስመር ነበር። ያያያዝኩት ፎቶ አይቢስ ሳይሆን ሳቢሳ እንደሆነ ነገረኝ፤ ያቺ ከብት ከብት የምትከተለዋ። መንቆሯ አጭር፣ ቢጫና ቀጥ ያለ መሆኑን እንዳይም መከረኝ። አየሁ። እውነቱን ነው። ሐርቡ መንገድ ላይ ከመኪና መስኮት ያነሳሁት ፎቶ ነበር፤ ከኋላዋ የላሟ ጭራ ሳይቀር ይታያል። ይህን ሰው አስታውሱት። ከዚህ በኋላ ቁጥር 2 እያልኩ ነው የምጠራው። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አስተማሪ ይመስለኛል። ጽሑፉ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ ቀይ እስክሪብቶ ይሸታል።

ከ3 እስከ 9 ያለው የስም ጭቅጭቅ ነው። አንዷ በአማርኛ ጋጋኖ እንደምትባል ጻፈች። የመጽሐፍ ቅዱሱን የማይበሉ ወፎች ዝርዝር ምስክር ጠራች፤ ጉጉት፣ እርኩም፣ ጋጋኖ እያለ የሚሄደውን። አንድ የደሴ ሰው ተቃወመ። እሱ ጋጋኖ የሚለው ሌሊቱ ሳይነጋ ከባሕር ዛፍ ላይ ተነስቶ እየጮኸ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን ነው፤ ያ ደግሞ ነጭ አይደለም። ቁጥር 2 እዚህም ገባ። ጯሂው የአይቢስ ወገን ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮው ላይ ሥጋ የሚያንጠለጥል፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኝ። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ያደጉ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ጋሼ ደግሞ 8ኛ ላይ ክርክሩን ባንድ ዐረፍተ ነገር ዘጉት። በልጅነታቸው እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሚበር ነገር ሁሉ አሞራ ነበር የሚሉት።

10ኛዋ ራሷ የአክስቴ ልጅ ናት። ረጅም ጻፈች፣ ጥሩም ጻፈች። እሷ ካለችበት ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ግራንድ ሊዩ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ከዚያ ወዲያ የሎዋር ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባበት ረግረግ፣ የጨው ማምረቻ ኩሬዎችና ሳር የለበሰ ሜዳ ይቀጥላል። ሰሜን ምዕራብ ሲሉ ብሪታኒ ነው። እዚያ ብራንፌሬ የሚባል የእንስሳት ማቆያ ፓርክ አለ። ፓርኩ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ሃያ ያህል አይቢሶች አስመጣ። በሽቦ ቤት ውስጥ ዘግቶ አላኖራቸውም። ጎብኚው ወፎቹ እንደልባቸው ሲበሩ እንዲያይ ነበር የተፈለገው። እነሱም በረሩ። በ1990 አካባቢ ፓርኩ ውስጥ ብቻ 150 ጥንድ ደርሰው ነበር። በ1993 ከፓርኩ ውጭ፣ በግራንድ ሊዩና በሞርቢያን ባሕረ ሰላጤ ጎጆ ሠርተው ፈለፈሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ፈረንሳይ ከ1,000 ጥንድ በላይ ሆኑ። ከ2007 ጀምሮ ግድያው በሰፊው ተጀመረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ተተኮሱ። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ከመጀመሪያዎቹ ወራሪ ዝርያዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ መሸጥም፣ ማርባትም፣ መልቀቅም ክልክል ነው።

11ኛው የዚያን አገር ሰዎች ወቀሰ። ራሳቸው አምጥተው፣ ራሳቸው አርብተው፣ ራሳቸው ለቀው፣ ራሳቸው ይገድላሉ። ይህ መልስ ከመላው ክር፣ ከውይይቱ ሁሉ ማለቴ ነው፣ ብዙ ላይክ ያገኘው ነው። እኔም ሰጥቼዋለሁ፤ አልደብቅም።

12ኛው ላይ ግን ወኔዬ ተነፈሰ። ቁጥር 2 ነው። ፓርኩ ያስመጣቸው ሃያ ወፎች ከኬንያ የሄዱ መሆናቸውን ጠቀሰ። የእኛ አይደሉም ማለት ነው። ጥቁር ራሷ፣ ማጭድ መንቆሯ አንድ ነው፣ ዝርያውም አንድ ነው፤ ፓስፖርቷ ግን የናይሮቢ ነው። 13ኛው ይህን አይቶ፣ ኬንያ እንግዲህ በሩጫ ብቻ ሳይሆን በወፍም ቀደመችን ብሎ ሳቀ። 14ኛዋ ሳቁ አልጣማትም፤ ወፍ ድንበር አታውቅም ስትል ተቆጣች።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ምን አጠፋች? 15ኛው ጠየቀ፣ 16ኛዋ የአክስቴ ልጅ መለሰች። በዚያ ዳርቻ ተርን የሚባሉ ትናንሽ የባሕር ወፎች አሉ። አሸዋና ጠጠር ላይ፣ መሬት ላይ ነው እንቁላል የሚጥሉት፣ በመንጋ። አይቢስ መሬት ለመሬት እየሄደች የምትለቅም ወፍ ናት። አንድ ጊዜ ሁለት አይቢሶች 30 ያህል የተርን ጎጆዎችን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ባዶ ሲያደርጉ ታይተዋል። ሁለት ወፍ ብቻ። ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ። ኮምቦልቻ ያየኋት ወፍ ገራም ነበረች። ጭቃ ትወጋለች፣ ትል ታወጣለች፣ ሰው ሲቀርባት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ትላለች። ለካ የማታውቀው ባሕር ዳር ስትደርስ እሷን የማያውቅ ወፍ ይጠብቃት ኖሯል።

19ኛው የተፈጥሮ ሀብት የተማረ ልጅ ነው፣ አሁን ደሴ የሚኖር። ነገሩን አወሳሰበው፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ወገን ሳይዛመት ከሥሩ ይነቀል አለ። ግራንድ ሊዩ ላይ ለብዙ ዓመት የወፎቹን ምግብ ያጠና ተመራማሪ ደግሞ የእንቁላሉ ነገር ተጋኗል ብሎ ተከራከረ። በእሱ ጥናት ወፎቹ ከምንም በላይ የሚበሉት ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ ነው፤ ባለ መቆንጠጫ፣ ሸርጣን መሳይ የውሃ ፍጥረት። ክሬይፊሹ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ ወራሪ ነው። ወራሪ ወራሪን ይበላል ማለት ነው። 20ኛው ይህን ሲሰማ ወፏ ደመወዝ ሊከፈላት ይገባል አለ።

ቁጥር 2 አልተዋጠለትም። 21ኛ ላይ ጠንከር አለ። ክሬይፊሽ በላች ማለት እንቁላል አልበላችም ማለት አይደለም። ደግሞም ጣሊያንን ተመልከቱ አለ። እዚያ በ1989 በፒዬሞንቴ ክልል ነው መጀመሪያ የፈለፈለችው። ዛሬ የፖ ወንዝ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውስጥ በብዙ ሺህ ትቆጠራለች፤ ፈረንሳይ እንዳደረገችው ቶሎ ያልቀደመ ምን እንደሚገጥመው ከዚያ ይታያል። አነጋገሩ ደረቅ ነው እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

23ኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ኮምቦልቻ ጅቡቲ ይመላለሳል። ስለ አይቢስ ባያውቅም ስለ ቁራ አውቃለሁ አለ። ጅቡቲ ወደብ ላይ አንገቱ ግራጫ የሆነ ቀጠን ያለ ቁራ አለ። ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ዞር ስትል ሳህንህን ያነሳልሃል። አንዴ ሙሉ ቁርጥራጭ ዓሣ ከእጁ ላይ ነጥቆት፣ ጓደኞቹ እስካሁን ያሾፉበታል። የአገሬው ሰው በመርከብ የመጣ እንደሆነ እንደነገረው ጻፈ። ቁጥር 2 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አመሰገነ። ያ የህንድ ቁራ ነው፤ በመርከብ ተሳፍሮ የቀይ ባሕርንና የምሥራቅ አፍሪካን ወደቦች ሁሉ የያዘ።

ከ24 እስከ 32 ያለውን እዘለዋለሁ። የጅቡቲ ሙቀት፣ የሚሌ መንገድ፣ የነዳጅ ወረፋ። አንዲት እህት ሾፌሩን ፍሪጅ ያመጣልኝ እንደሆነ ብላ ጠይቃ ዋጋ ሁሉ ተነጋግረዋል። ከወፏ ይልቅ ለፍሪጁ የተሰጠው ላይክ ይበልጣል።

33ኛው ወደ መሬት መለሰን። የቃሉ ወረዳ ገበሬ ልጅ ነው። ፈረንሳይ ለምን እንሄዳለን፣ ወራሪ ማየት የፈለገ የእኛን ማሳ ይይ አለ። ፋረምሲሳ ማለቱ ነው። ያቺ ነጭ አበባ ያላት፣ ማሽላውን የምታንቅ፣ ያረማትን ሰው እጅ የምታሳክክ፣ ላሟ ስትበላት ወተቱን የምታመርር አረም። አንዳንዱ ቅንጨ አረም ይላታል። በድርቁ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር መጣች የሚለውን ወሬ አምጥቶ፣ ወሬ መሆኑንም ራሱ ተናገረ። 34ኛዋ የጣናን እምቦጭ ጨመረች። 35ኛው በዘመቻ ሄዶ እምቦጭ ሲነቅል ጫማውን ጭቃ እንደበላበት ተረከ።

36ኛው ላይ እሳቱ ተነሳ። የተፈጥሮ ሀብቱ ልጅ ነው የጫረው፣ በቅን ልብ ነው ደግሞ። ሎጎ ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም እኮ መጤ ነው አለ። እውነቱን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ሰው አምጥቶ የጨመረው። 37ኛው ግን የሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አባቱ ስድስት ልጅ በቆሮሶ እንዳሳደገ፣ ቆሮሶን ወራሪ የሚል ካለ ሐይቅ ድረስ መጥቶ ለአባቱ በአካል እንዲነግራቸው ጻፈ። ዱላም እንደሚጠብቀው አልሸሸገም። 38ኛው መጤና ወራሪ አንድ አይደለም፣ የሚጎዳ ሲሆን ነው ወራሪ የሚባለው ብሎ ሊያበርድ ሞከረ። 39ኛው ለማን ነው የሚጎዳው፣ ማንስ ነው የሚወስነው ሲል እንደገና አጋለው። እኔ 40ኛ ላይ ገብቼ፣ በአላህም በእግዚአብሔርም ይዣችኋለሁ፣ ስድብ ይቅር አልኩ። ሁለቱም ዝም አሉኝ። ማኩረፋቸው ነው።

ጋሼ 41ኛ ላይ ባይመጡ ክሩ እዚያው ይሞት ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው ለካ። ጥንት ግብፅ ይህችን ወፍ ቶት ለሚባለው የጥበብና የጽሕፈት አምላክ የተሰጠች አድርጋ ታያት ነበር። በሳቃራና በሌሎች መቃብሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ አይቢሶች አስከሬናቸው እየደረቀ፣ በጨርቅ እየተጠቀለለ፣ በሸክላ ማሰሮ ተቀብሯል። ዛሬ ግን ወፏ በግብፅ በዱር አትራባም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፋች። በ1769 ምፅዋ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህችን ወፍ በመንገዱ አይቷል። ሰዎች አቡ ሐንስ፣ አባ ዮሐንስ እንደማለት፣ ይሏታል ብሎ ጻፈ፤ የጥንት ግብፃውያን ወፍ ይህች ናትም አለ። መጽሐፉ በ1790 ወጣ። ከዓመታት በኋላ ኩቪየ የሚባለው ፈረንሳዊ ከግብፅ መቃብር የመጡትን አጥንቶች አመሳክሮ ብሩስ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ያን ጊዜ ፈረንሳይ ወፏን ፓሪስ አምጥታ በክብር ታጠናት ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዳርቻዋ ላይ ትተኩስባታለች። ይህን የመጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ጋሼ አላሉም።

ጋሼ አንድ ነገር ደግሞ ለእኔ ብለው ጻፉ። ኤቲዮፒከስ በሚለው ብዙ እንዳልኮራ። የድሮ ሰዎች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር። እንግዲህ ፓስፖርቷም የኬንያ፣ ስሟም የአህጉሩ ሆነ። ክሩን የከፈትኩበት ቁጣ በሁለት በኩል ተነቀለ።

44ኛው የቁጥር 2 ረጅሙ መልስ ነው። ያቺን ያሳፈረችኝን ሳቢሳ መልሶ አመጣት። ሳቢሳም ከእኛው አህጉር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ ገባች። ከዚያ ከብት ከብት እየተከተለች ሰሜን አሜሪካ ደረሰች፣ በ1950ዎቹ ፍሎሪዳ ላይ ፈለፈለች። ማንም በጥይት አያሳድዳትም። አይቢስን ደግሞ ሰው በሣጥን ወሰዳት። ለእሱ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በክንፏ የሄደችው ስደተኛ ናት፣ በሣጥን የሄደችው ወራሪ። 45ኛዋ አልተስማማችም። ለተርኗ እንቁላሏን የበላው በክንፉ ይምጣ በሣጥን ምን ለውጥ አለው አለች። ይህችን መልስ ሦስቴ አንብቤያታለሁ። ቁጥር 2 እንኳን መልስ አልሰጣትም።

46ኛው ቁጥር 2ን ፈረንጅ አምላኪ ብሎ ሰደበው። 47 ላይ ቁጥር 2 የሰውዬውን ሦስት የፊደል ግድፈት ለቅሞ አስቀመጠለት፣ ሌላ ምንም አላለም። 48 እና 49ን አጠፋኋቸው። እናት የተነሳችበት ነገር አይቀመጥም። ቁጥር 2 ለሁለት ቀን ጠፋ።

51ኛዋ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ ሊዮሌ ወንዝ አጠገብ። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ለፈረንሳይ አይቢስ ይህን ያህል ካለቀስን፣ እዚህ ቦርከና ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየናት መቼ ነው? የፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ሊዮሌና ወርካ ሲገባ ወንዙ ቀለም ሲቀያይር ከመስኮቷ እንደምታይ ጻፈች። ልጆች እዚያ አይዋኙም፤ እናቶች አይፈቅዱም። ለስድስት ሰዓት ማንም አልመለሰላትም። 52ኛው እኔ ነኝ። እውነቱን ተናገርኩ፣ አላስታውስም። ስራገጥ የነበርኩበት ቦታ ዛሬ የግንባታ ድንጋይና ፌስታል ነው። 53ኛው ያየው አይቢስ ሳይሆን አባ ኮዳ መሆኑን ጻፈ፤ ቆሻሻ መጣያው ላይ። የአክስቴ ልጅ 54 ላይ እዚያም እንዲሁ እንደነበር አስታወሰችን። አይቢሶቹ ክፍት የቆሻሻ መጣያ ያዘወትሩ ነበር፣ እንዲበዙም ያገዛቸው አንዱ ይኸው ነው።

55 እና 56 ስለ ቆሻሻ መኪናው አለመምጣት ነው። ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ ግን ልተወው።

እሑድ በሚኒባስ ወደ ሐርቡ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ በእግሬ። ቡና ይዤ፣ ከጎረቤት የተዋስኩትን መነጽር ይዤ። አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት ያጠጣሉ፣ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ውሃው በየቦታው ያበራል። አንድ እረኛ ልጅ የምፈልገውን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ሰው ከከተማ ድረስ ወፍ ሊቆጥር ይመጣል? መጨረሻ ላይ ግን የረዳኝ እሱ ነው። ከብቱ ከሌለበት፣ ጭቃው ከረጋበት ዳር ወሰደኝ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ማታ 59ኛ አድርጌ ከነፎቶው ለጠፍኩት፣ ደስታዬን ሳልደብቅ። 60ኛዋ የሊዮሌዋ ናት፤ ማሻአላህ አለች፣ በሚቀጥለው እሑድ ይዘኸኝ ሂድ አለች።

61ኛው ቁጥር 2። ተመልሷል። ፎቶውን አሳድጌ እንዳየው ጠየቀኝ። ከግራ ያሉት አራቱ አንገታቸው ጥቁር ነው ወይስ ጥላ ነው?

አሳደግኩት። ጥላ ነው። መንቆራቸው ቢጫ ነው።

ሰባት።